ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ መርፌ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ ጤና መኮንን ሲሆኑ አይከል ላይ ትንሽ ክሊኒክ አላቸው። ሁለተኛዋ በዚያው በአይከል በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ ወጣት ሐኪም ናት። ከጎንደር ለልምምድ ለሚወጡ የሕክምና ተማሪዎች የግማሽ ቀን ትምህርት እንድትሰጥ ተጠይቃለች፤ ጉዳዩ የሐኪምና የገንዘብ ነገር ነው። ትምህርቱን ከማዘጋጀቷ በፊት አዛውንቱን ልታማክር ክሊኒካቸው መጣች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ታካሚ የለም፣ መብራትም የለም።

ጤና መኮንኑ፦ ርዕሱን ማን አወጣው? «የሕክምና ንግድ ሥነ ምግባር» ስትያቸው ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ሊሰደብ የተጠራ ይመስለዋል።

ሐኪሟ፦ እኔም የፈራሁት እሱን ነው፣ ጋሼ። ሥነ ምግባር ያልተማሩ ልጆች እኮ አይደሉም። የታካሚ ምስጢር መጠበቅ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት አስረድቶ ማስፈረም፣ አለመጉዳት፣ ይህን ሁሉ ተፈትነው አልፈዋል። ከዚያ ደግሞ ጤና ሚኒስቴር በ2008 በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለውን አመጣ። ስለ ደግነት የሰሙት ይበቃቸዋል። ስለ ገንዘብ ግን ያነጋገራቸው የለም፤ እንደ ነውር ተቆጥሮ ታለፈ።

ጤና መኮንኑ፦ እኛንም ያነጋገረን አልነበረም። የኛ ግን ምክንያት ነበረው። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ሲከፈት የታሰበው ደምቢያ ላይ በወባ ለረገፈው ገበሬ ነው። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን ሆነን በቡድን ገጠር እንወጣለን፤ ቆላ ድባ፣ ሌላም ቦታ። ደመወዙ ከመንግሥት፣ መድኃኒቱ ከመንግሥት፣ በቅሎዋም ከመንግሥት። ምን ሸጠን እንሰርቃለን? ዛሬ የኔ እኩዮች ተሰብስበው «በኛ ጊዜ ሐኪም ሐኪም ነበር» ሲሉ እስቃለሁ። ጻድቅ ስለነበርን አይደለም፤ ሱቅ ስላልነበረን ነው።

ሐኪሟ፦ የሐኪሞቹ ትምህርት ቤትስ? እሱ እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሲከፈት...

ጤና መኮንኑ፦ ዘመኑ ደርግ ነዋ! ከጀርመን ሶሻሊስቶች ስለ ግል ክሊኒክ ሂሳብ ልትማሪ ነው? ለአንድ አሠሪ የሚሠራ ሐኪም ነበር የሚቀረጸው። በሩ የተከፈተው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ ባለሀብቱ እንዲገባ አበረታታ። ከዚያ የመንግሥት ሆስፒታል ራሱ ገቢውን እንዲጠቀም ተፈቀደለት፣ ቀጥሎ በየሆስፒታሉ የግል ክንፍ ተከፈተ። አንዱ ሐኪም ታካሚውን ጧት በመንግሥት ዋጋ ያየዋል፣ ማታ በግል ዋጋ ያየዋል። ሀገሪቱ ሐኪሙን ነጋዴ ስታደርገው ትምህርቱ ግን ደመወዝተኛ እንደሆነ ቀረ። አየሽ፣ ችግሩ የልጆቹ ጠባይ አይደለም።

ሐኪሟ፦ ታዲያ ከየት ልጀምር? ከሕጉ ልጀምር ብዬ ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2006 ያወጣው ደንብ ቁጥር 299 የባለሙያውን ሥነ ምግባር በዝርዝር ይዟል።

ጤና መኮንኑ፦ ከሕግ ከጀመርሽ ይጽፉልሻል፣ ያጨበጭቡልሻል፣ ይሄዳሉ። ከፈቃድ ኪራይ ጀምሪ።

ሐኪሟ፦ ከፈቃድ ኪራይ?

ጤና መኮንኑ፦ የመጀመሪያ የንግድ ጥያቄያቸው እሱ ነው የሚሆነው። ልጁ ተመርቋል። ድሮ ዕጣ አውጥቶ የደረሰው ክልል ይሄድ ነበር፤ አሁን ምደባ የለም፣ ቤተሰብ ጋ ቁጭ ብሏል። እናቱ ሰባት ዓመት ጠብቃዋለች። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። «ዶክተር፣ ክሊኒክ ልከፍት ነው፤ ፈቃድህን ግድግዳ ላይ ብትሰቅልልኝ በየወሩ ይህን ያህል አስገባልሃለሁ። መምጣት አይጠበቅብህም፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ እንደውልልሃለን።» የደወለለት ሰው ሌባ አይመስልም። ዘመዱ ሊሆን ይችላል። እንጀራ የሚበላበት ሌላ መንገድም አላሳዩትም። ይህን አቅርቢላቸው። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ አንዱ «ማንን ጎዳሁ?» ይላል። ትምህርቱ እዚያ ላይ ይጀምራል።

ሐኪሟ፦ ማንን ጎዳ?

ጤና መኮንኑ፦ አንቺ አስተማሪዋ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ?

ሐኪሟ፦ ይንገሩኝ።

ጤና መኮንኑ፦ ታካሚው ግድግዳው ላይ የሐኪም ስም አንብቦ ነው የገባው። ውስጥ ያገኘው ግን ሌላ ሰው ነው። መርፌው ሲመርዝ ወይም ልጁ ሲሞት ተጠያቂው ማን ነው ሲባል፣ ስሙ የተሰቀለው ልጅ ጎንደር ካፌ ተቀምጧል። ሲመረቅ የማለውን በወር ኪራይ ሰጠው ማለት ነው። ግን ዶክተር፣ ይህን አንቺ አትንገሪያቸው። ራሳቸው እስኪደርሱበት ቆይ።

ሐኪሟ፦ እሺ፤ ፈቃድ ኪራይ አንድ። ሁለተኛው ፐርሰንት ነው። ይሄኛው ከበድ ይላል፤ ምክንያቱም ልጁ በአካል ተገኝቶ ነው የሚሠራው። የግል ክሊኒክ ይቀጠራል፤ ደመወዙ በወር ሳይሆን ባዘዘው ምርመራ ልክ ይሆናል። አልትራሳውንድ ባዘዘ ቁጥር ይህን ያህል፣ ላቦራቶሪ በላከ ቁጥር ይህን ያህል። ወይም ደግሞ እኔ ከመንግሥት ሆስፒታል ሆኜ በሽተኛዬን ወደ አንድ የታወቀ ምርመራ ቤት ስልክ፣ በወሩ መጨረሻ ፖስታ ይመጣል። «ኮሚሽን» ሲሉት ጉቦነቱ ይጠፋል።

ጤና መኮንኑ፦ ይህንስ ያውቁታል። ክልክል መሆኑንም ያውቃሉ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ያላየ ሰው ኮሚሽንን ከታካሚው ኪስ ብቻ የሚወጣ ገንዘብ አድርጎ ነው የሚያስበው።

ሐኪሟ፦ እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለኝ፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ሰው ነው። አይከል ከደጋው ወደ መተማ መውረጃ መንገድ ላይ ናት። ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ በዚህ የወረደ ወጣት በዚሁ ይመለሳል። ሲመለስ ትኩሳት ይዞ ይመጣል። መንገድ ላይ ሽሁዲ ከተማ አንድ ክሊኒክ ይገባል፤ ካርድ ያወጣል፣ ደም ይሰጣል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላል፣ መርፌ ይጀምራል። አይለቀውም። ሌላ ክሊኒክ፤ ያው ምርመራ፣ ያው መልስ፣ አሁን ደግሞ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ሦስተኛ ጋ የጨጓራ ምርመራ ይጨመራል። የአረም ገንዘቡ አልቆ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ በዘመድ ተደግፎ መንግሥት ሆስፒታል ይመጣል። ሆዱን በእጄ ስዳስሰው ጣፊያው እምብርቱ ድረስ ወርዷል። ካላዛር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚታከምበት ማዕከል አለ፤ ሕክምናው በመርፌ 17 ቀን ነው። ሳይታከም ከቀረ ግን ይገድላል። ሦስት ክሊኒክ ውስጥ ማንም ሆዱን አልነካውም።

ጤና መኮንኑ፦ ሆድ መዳሰስ አያስከፍልማ።

ሐኪሟ፦ አያስከፍልም! ትምህርቴ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፣ ጋሼ። ለተማሪዎቹ የሦስቱን ክሊኒክ ደረሰኝ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ልዘረጋላቸው ነው። ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ መርፌ፣ ግሉኮስ፣ መድኃኒት፤ እያንዳንዱ መስመር ዋጋ አለው። «የጎደለው መስመር የቱ ነው?» ብዬ ልጠይቃቸው ነው። የጎደለው እጅ ነው። ዋጋ ስለሌለው ደረሰኙ ላይ የለም፤ ደረሰኙ ላይ ስለሌለ ክፍሉ ውስጥም አልተደረገም። ከገንዘቡ ይልቅ የባከነው ሳምንት ነው የሚገድለው።

ጤና መኮንኑ፦ ደረሰኝ ካገኘሽ። ብዙው ያለ ደረሰኝ ነው።

ሐኪሟ፦ እሱም ትምህርት ነው።

ጤና መኮንኑ፦ አሁን እኔን ደግሞ ስሚኝ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ክሊኒኮች አንዱ የኔ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም የኔን ይመስላል። የታይፎይዱን ምርመራ፣ ዋይዳል የምትሉትን፣ እኔም እሠራለሁ። ምርመራው ደካማ መሆኑን ካንቺ አልማርም። ባክቴሪያውን አያሳይም፤ ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው የሚያየው፤ ታይፎይድ በሚዘዋወርበት ሀገር ደግሞ ያ መከላከያ ከድሮ ተይዞ፣ ከሌላ በሽታም ተምታቶ ሊገኝ ይችላል። የታይፈሱም ያው ነው። ትክክለኛው ደሙን ማብቀል ነው፤ አይከል ላይ በየትኛው ክሊኒክ ይበቅላል? ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አላፍርም፣ ለምን እንደምሠራው ግን እነግርሻለሁ።

ሐኪሟ፦ ለምን?

ጤና መኮንኑ፦ አንድ እናት ልጇን ይዛ ከአራት ሰዓት መንገድ ትመጣለች። አያለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ሆዱን እዳስሳለሁ፤ ጉንፋን ነው። «ምንም የለውም፤ ውኃ አጠጪው፤ በሦስተኛው ቀን ካልተሻለው መልሽው» እላታለሁ። የካርድ ብቻ ትከፍላለች። ወጥታ ምን ትላለች? «ሳይመረምረው ሰደደኝ። መርፌ እንኳ አልወጋውም።» ሌላ ክሊኒክ ትገባለች፣ ላቦራቶሪ ይላካል፣ መስቀል የተደረገበት ወረቀት ይሰጣታል። «ያኛው ሰውዬ አርጅቷል፣ አያውቅም» ትላለች። እኔ ደግሞ የቤት ኪራይ አለብኝ፤ የክሊኒክ ደረጃው የሚጠይቀው ነርስና የላቦራቶሪ ባለሙያ ደመወዝ አለብኝ፤ ሬኤጀንቱ ቀኑ ያልፍበታል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል። ያሰብኩበትን ማንም አይከፍለኝም። የሚከፈለኝ በሸጥኩት ነገር ነው።

ሐኪሟ፦ ይህን እኮ ነው የማንናገረው። ሐኪሙ ዕውቀቱን በነጻ ይሰጥና ትርፉን ከዕቃው ያወጣል። ዕቃው ባይኖር ክሊኒኩ ይዘጋል። ስለዚህ ዕቃ ይበዛል።

ጤና መኮንኑ፦ ስለዚህ ልጆቹን «ስግብግብ አትሁኑ» ከማለትሽ በፊት ይህችን ሂሳብ ሥሪላቸው። ስግብግብ ያልሆነ ሰውም እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

ሐኪሟ፦ ገብቶ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አያደርግም። የካርድ ዋጋዎን ከፍ አድርገው ዋይዳሉን ቢተዉስ?

ጤና መኮንኑ፦ ሞክሬዋለሁ። ሰዉ «ለማየት ብቻ ይህን ያህል?» አለ።

ሐኪሟ፦ ከዚያስ?

ጤና መኮንኑ፦ ከዚያማ ካርዱን መለስኩት። ግን አንድ ነገር ቀረልኝ፤ ትኩሳት ይዞ ከመተማ ለመጣ ሁሉ ሆድ መዳሰስ ግዴታ ነው ብዬ ነርሷን አስተማርኳት። ጣፊያ ካበጠ ላቦራቶሪ ሳንልክ ወደናንተ እንልካለን። ከዚያ ሰው ምንም አናተርፍም። አትጻፊው፤ መልካም ሰው መስዬ እንዳልቀርብ።

ሐኪሟ፦ እጽፈዋለሁ። ምክንያቱም ተማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ሐኪም ብቻ ያለ ይመስላቸዋል፤ ወይ ቅዱስ ወይ ቀማኛ። ሂሳቡ ሳይዘጋ አንድ መስመር የሚያሰምር ሰው አይተው አያውቁም። ሌላ ደግሞ ላክልበት፤ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬነዝ አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 የጻፈው አንድ ጥናት አለ። ሕክምና ከሌላው ገበያ የሚለየው ታካሚው የሚገዛውን ስለማያውቅ ነው ይላል። ጤፍ የሚገዛ ሰው ዘግኖ አይቶ፣ በጣቱ አሽቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ነው የሚገዛው። ዋይዳል የሚገዛው ግን ምን ያያል? ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ራሱ ሻጩ ነው።

ጤና መኮንኑ፦ ጤፍ ውስጥም እኮ አፈር የሚቀላቅል አለ።

ሐኪሟ፦ አለ፤ ገዢው ግን ቤቱ ሲደርስ ያውቃል። የማያስፈልግ መርፌ የተወጋ ሰው ግን ሲሻለው «መርፌው አዳነኝ» ብሎ ይመርቅልናል። ሙያችንን ከሌላው ንግድ ይልቅ አደገኛ የሚያደርገው ምርቃቱ ነው።

ጤና መኮንኑ፦ ምርቃት ካነሳሽ ስለ ፖንሴ ንገሪያቸው። ጎንደር ላይ ተምረው ፖንሴን የማያውቁ ከሆነ ያሳዝናል።

ሐኪሟ፦ ፈረንሳዊው?

ጤና መኮንኑ፦ ሻርል ፖንሴ። ከካይሮ ተነስቶ በሴናር በኩል እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ገባ። ቀዳማዊ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ ቆዳቸውን አሟቸው ነበርና ሐኪም ፈለጉ። ፖንሴን መርጦ የላከው ካይሮ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ነው። አገልጋይ መስሎ ከኋላው የሚከተለው ሰው ደግሞ ኢየሱሳዊ ቄስ ነበር፤ ጎንደር ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ እንጂ። በአፄ ፋሲለደስ ጊዜ ኢየሱሳውያን ተባርረው እንደነበር አትርሺ። እንግዲህ አስቢው፤ ሐኪሙ በአንድ እጁ መድኃኒት፣ በሌላው የቆንስሉን ጉዳይ ይዞ ቤተ መንግሥት ገባ። ንጉሡም ዳኑ!

ሐኪሟ፦ ከዳኑ ምን ችግር አለው ይሉኛል።

ጤና መኮንኑ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም መልስ የለኝም። ታካሚው ድኗል፣ ሐኪሙ አልዋሸም፣ መድኃኒቱ ሠርቷል። ግን ንጉሡ ሐኪሙን የላከው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደላከው የማወቅ መብት የላቸውም? የጥቅም ግጭት ማለት ስርቆት አይደለም፤ ታካሚው የማያውቀው ሁለተኛ ጌታ መኖሩ ነው። ከስብከት ይልቅ እንዲህ ያለ ታሪክ ያከራክራቸዋል፤ በተለይ የፋሲል ግንብን በየቀኑ እያዩ ያደጉትን።

ሐኪሟ፦ የኛ ዘመን ቆንስል የመድኃኒት አስተዋዋቂው ነው። እስክሪብቶ፣ ናሙና፣ ምሳ፣ ለትልልቆቹ ደግሞ የውጭ ስብሰባ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያ ለሐኪም የከፈለውን ለሕዝብ እንዲገልጽ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። አልከለከሉትም፤ ይታይ አሉ።

ጤና መኮንኑ፦ ይታይ ማለት ይበጃል? ፖንሴ ግንባሩ ላይ «የላከኝ ቆንስሉ ነው» ብሎ ቢጽፍ ሕመምተኛው ምን ያደርጋል? ሌላ ሐኪም የት አለ?

ሐኪሟ፦ ልክ ነው፤ ታካሚው ብቻ ቢያየው አይበቃም። ሌላ ሰው ሊያየውና ሊጠይቅ ይገባል። ለዚህ ከክልላችን የተሻለ ምሳሌ አለ። ኤፒቲኤስ የሚባለውን የመድኃኒት አሠራር ያውቁታል።

ጤና መኮንኑ፦ የደብረ ማርቆሱን?

ሐኪሟ፦ አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌላው ሀገር የተስፋፋው። ከዚያ በፊት በብዙ ሆስፒታል መድኃኒት ገብቶ መድኃኒት ይወጣል፤ ምን ያህል ተሸጠ፣ ምን ያህል ጠፋ፣ ምን ያህል ጊዜው አለፈበት ብሎ የሚያገናኝ ሰነድ አልነበረም። በኤፒቲኤስ እያንዳንዱ ሽያጭ በደረሰኝ ይሆናል፤ መደርደሪያው ይቆጠራል፤ ገንዘቡና ዕቃው በየወሩ ይገናኛል። ለፋርማሲ ባለሙያው ማንም «አትስረቅ» ብሎ አልሰበከውም። ሂሳቡ እንዲነበብ ሆነ።

ጤና መኮንኑ፦ ሂሳቡ ሲነበብ ሌባም ታማኝም ይታያል። ታማኙ የሚጠቀመው እሱን ነው፤ ድሮ ሁለቱም አንድ ላይ ይታሙ ነበር።

ሐኪሟ፦ እንዲህ የሚነበብ ሂሳብ የጤና መድኑም ላይ ያስፈልጋል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኛ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ዛሬ ገበሬው መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። እኛ ደግሞ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» እንለዋለን። እውነት የሌለበት ቀን ብዙ ነው፤ መንገድ ሲዘጋማ አይነሳ። ግን «ከውጭ» ስንል በጣታችን የምናሳየው የትኛውን መድኃኒት ቤት ነው? ባለቤቱ ማን ነው? ተማሪው ይህን ከሐኪሙ ጎን ቆሞ በየቀኑ ያያል። ኮርሱ ላይ አንብቦ ካገኘው የበለጠ የሚማረው ከዚያች ጣት ነው።

ጤና መኮንኑ፦ ስለ ኦፕሬሽን ወሊድ ታነሺያለሽ?

ሐኪሟ፦ አነሳለሁ፣ በጥንቃቄ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት አለ፤ በግል ተቋማት ከሚወልዱት 46 በመቶው በኦፕሬሽን ነው፣ በመንግሥት 15 በመቶው። በዚያው ጥናት መላው የሀገሪቱ ወላድ ሲቆጠር ግን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ 0.6 ነው። ጎን ለጎን አንዷ ሳያስፈልጋት ትቀደዳለች፣ ሌላዋ የሚያስፈልጋትን አጥታ ትሞታለች።

ጤና መኮንኑ፦ «ሳያስፈልጋት» ያልሽው ቁጥሩ ውስጥ የለም። ግል ቤት የሚሄዱት ሀብታሞች ናቸው፤ ራሳቸው ጠይቀው የሚቀደዱም አሉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀድሞ የተቀደዱም አሉ።

ሐኪሟ፦ ልክ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ክስ አላደርገውም። ጥያቄ ነው የማደርገው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ምጡ ረዝሟል፤ ሐኪሙ ጧት መንግሥት ሆስፒታል ሥራ አለው፤ ኦፕሬሽኑ ከምጡ አምስት እጥፍ ይከፍላል እንበል። የልጁ የልብ ምት ትንሽ ዝቅ ብሏል። ቢላውን ያነሳው ለልጁ ነው ወይስ ለራሱ? ራሱም ላያውቅ ይችላል። አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ጥቅሙ ዓይኑ ላይ ተቀምጦ የልብ ምቱን ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል።

ጤና መኮንኑ፦ መድኃኒቱስ?

ሐኪሟ፦ ውሳኔውን በማግስቱ ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ። ክፍያው ለኦፕሬሽንም ለምጥም አንድ እንዲሆን ማድረግ። ሁለቱም ይቻላል፤ ሁለቱም የባለቤት ውሳኔ ነው። ከነዚህ ልጆች የተወሰኑት ነገ የሆስፒታል ባለቤት ይሆናሉ፣ ጋሼ። ዛሬ ተማሪ ናቸው ብዬ የተቀጣሪ ሥነ ምግባር ብቻ ባስተምራቸው ምን አደረግሁ?

ጤና መኮንኑ፦ አሁን ከኔ የባሰ ጥያቄ ይመጣብሻል፤ ተዘጋጂ። አንዱ ይነሳል። «ዶክተር፣ ደመወዝሽ ስንት ነው?» ይልሻል።

ሐኪሟ፦ እነግረዋለሁ።

ጤና መኮንኑ፦ ከዚያ «በዚህ ደመወዝ ስለ ንግድ ሥነ ምግባር ልታስተምሪን ነው የመጣሽው?» ይልሻል። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያው በሀገር ሙሉ ደመወዝ ጠይቆ፣ ሥራ እስከ ማቆም ደርሶ፣ የታሰረም ታስሮ ያዩ ልጆች ናቸው። ያደጉበት ሀገር ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ነው። እኔ ብሆን መልስ አልነበረኝም።

ሐኪሟ፦ አለኝ መሰለኝ። ጥያቄያቸው ፍትሐዊ ነው፤ እኔም የጠየቅሁት ነው። ግን ሂሳቡን ለማን ነው የምንልከው? ደመወዙን ያሳነሰው አካል ክሊኒክ ገብቶ ዋይዳል አይታዘዝለትም። ሂሳቡ የሚደርሰው ለዚያ ከመተማ ለተመለሰ ልጅ ነው። እሱ ደመወዛችንን አላሳነሰም። ስለ ደመወዝ የምንጮኽበት አደባባይ አንድ ነው፣ ካርድ የምንጽፍበት ክፍል ሌላ ነው። ሁለቱን የቀላቀልን ቀን ጩኸታችንም ያንሳል፤ ሕዝቡ «እነሱማ ከኛ እየወሰዱ ነው» ይላላ።

ጤና መኮንኑ፦ ይህን ጥሩ አድርገሽ አልሽው። ግን ረሃብ በዚህ አይረታም።

ሐኪሟ፦ አይረታም። ስለዚህ የትምህርቱን ሁለተኛ ግማሽ ለሌላ አውላለሁ፤ በሐቅ ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ ልናወራ። ክሊኒክ ሲከፈት ካፒታሉ ምን ያህል ይሆናል፣ ኪራዩ፣ ግብሩ፣ ብድሩ፤ ሦስት ሐኪሞች ተጣምረው ቢከፍቱ ውላቸው ምን ይላል፤ የክፍያ ዝርዝሩ በር ላይ ቢለጠፍ ምን ይሆናል፤ የግል ክንፍ ላይ የሚሠራ ሐኪም የጧቱን ወረፋ ሳያስረዝም ማታ እንዴት ይሠራል። ስለ ትርፍ የማያውቅ ሐኪም ከትርፍ የጸዳ አይደለም፤ በሌላ ሰው ሂሳብ የሚነዳ ነው። የፈቃድ ኪራዩ ልጅ እኮ የተታለለው ክሊኒኩ በወር ስንት እንደሚያስገባ ስለማያውቅ ጭምር ነው።

ጤና መኮንኑ፦ እሱስ እውነት። የሚሰጡት ፍርፋሪ ነው።

ሐኪሟ፦ ታዲያ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ደረሰኝ እንደማላገኝ ቅድም ነግረውኛል። መዝገብዎን ያውሱኝ።

ጤና መኮንኑ፦ የኔን መዝገብ?

ሐኪሟ፦ የታካሚ ስም ሸፍኜ፣ የክሊኒኩን ስም ሸፍኜ። የአንድ ወር ብቻ። ገቢው ከምን እንደመጣ፣ ወጪው ወዴት እንደሄደ። ልጆቹ ቁጭ ብለው ይደምሩት። ዋይዳሉ ቢወጣ ክሊኒኩ ይቆማል ወይስ ይዘጋል፣ ራሳቸው ያስሉት።

ጤና መኮንኑ፦ አይከል ትንሽ ከተማ ናት። ስሙን ሸፈንሽው አልሸፈንሽው የማን እንደሆነ በማግስቱ ይታወቃል።

ሐኪሟ፦ አውቃለሁ።

ጤና መኮንኑ፦ ተቆጣጣሪውም ይሰማል። እነዚያ ፊት ለፊት ያሉት ተፎካካሪዎቼም።

ሐኪሟ፦ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ካልፈለጉ አላስገድድዎትም፤ የፈጠራ ቁጥር እሠራለሁ።

ጤና መኮንኑ፦ የፈጠራ ቁጥር አትሥሪ፤ ልጆቹ ይነቁብሻል፤ የፈጠራ ክሊኒክ ሁልጊዜ ያተርፋል። የኅዳርን ውሰጂ። ከመተማ የሚመለሱት የሚበዙበት ወር ነው፤ ዋይዳሉም የሚበዛበት ነው። አንድ ግዴታ ግን አለኝ፤ ስትጨርሱ እኔም እመጣለሁ።

ሐኪሟ፦ ክፍሉ ውስጥ?

ጤና መኮንኑ፦ ከኋላ እቀመጣለሁ። ደምረው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ነዳጁን ከየትኛው መስመር ልክፈል እላቸዋለሁ። የሚመልስልኝ ካለ ሲመረቅ ና፣ አብረን እንሥራ እለዋለሁ፤ በወር ደመወዝ፣ ያለ ፐርሰንት።